ያለ ጥፋቷ የታሰረች ድሮኔን ስለማስፈታት

ለተከበሩ አቶ ቀጸላ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ቦንጋ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር ቁልፍ ሁልጊዜ የጠነከረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የባጃጅ መለዋወጫ የምሸጥ ፈርሐት ሰላሐዲን ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው፣ በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሁሉ «ፕሮሰስ ላይ ናቸው» ስለተባልኩና ፕሮሰሱ ከእኔ ዕድሜ ሊበልጥ ስለደረሰ ነው።

እንደሚያውቁት፣ አራት ተሽከርካሪ ክንፍ ያላት፣ ከአንድ ኪሎ ስኳር የምትቀል ትንሽ ድሮን አለችኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማር ሊገዙ ማንኪራ ጫካ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸው ከአልጋ እስከ በረንዳ መድረስ እንኳን ጉዞ ሆኖባቸዋል። እሑድ እሑድ በሞተር ማንኪራ ወርጄ ጫካውን ከላይ ቀርጼ አመጣላቸዋለሁ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዛፍ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች በባለቤቶቻቸው ስም እየጠሩ፣ የትኛው ንብ እንደገባበት፣ የትኛው ባዶ እንደቀረ ይነግሩኛል። በሳምንት ውስጥ ደስ ብሏቸው የማያቸው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ ይህችን ሰዓት ስለወሰዱብን የሚከተለውን ምስጋና ላቅርብ።

፩. ድሮኗ የጣሪያ ቆርቆሮ አልፋ ድስት ውስጥ ያለውን ወጥ ታያለች የሚል ወሬ ሲነሳ ዝም በማለትዎ አመሰግናለሁ። ከሱቄ ጀርባ ባትሪ ልሞክር ባስነሳኋት ቁጥር ጎረቤቴ እትዬ ይመኙሻል በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተው ሽንት ቤት መሄድ ጀመሩ። እንዲረጋጉ ብዬ የቀረጽኩትን ባሳያቸው፣ የጣሪያዬን ዝገት አደባባይ አወጣሽው ብለው አኮረፉኝ።

፪. ወሬው ቀጥሎ ተሻሻለ። መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ልጅቷ መሬት እየለካች ነው፣ ካሳ ሊከፈል ነው ተባለ። ነዋሪው ሊጠይቅዎ ሲመጣ፣ ነገሩ በአንድ ቃል የሚያልቅ ሆኖ ሳለ፣ ፈገግ ብለው «ጊዜው ሲደርስ ይገለጻል» አሉ። ያቺ ፈገግታ ብዙ ሥራ ሠራች። በነጋታው ሰፈሩ የቡና ችግኝ እንደ ሽንኩርት ተጠቅጥቆበት ተገኘ። አንድ ሽንት ቤት እንኳን ያልነበረው ሁሉ የሁለት ባለቤት ሆነ። ባጃጅ ነጂው ኢሳያስ፣ ካሳ ለግድግዳ እንጂ ለበር አይከፈልም ብሎ፣ በር የሌለው ቤት ሠራ። ባጃጁ ግን መተላለፊያው ችግኝ ስለሞላ እስከ ዛሬ አስፋልት ዳር ታድራለች።

፫. ለዚህ ሁሉ ልማት ቢያንስ የምስክር ወረቀት እጠብቅ ነበር፤ የደረሰኝ ግን «ሕገ ወጥ ግንባታ በማነሳሳት» የሚል ክስ ነው። የድሮኗን ፈቃድ ባቀርብ፣ ፈቃዱ ለበረራው እንጂ ለሕዝቡ ግምት አልተሰጠም ተባልኩ። አሁን ድሮኔ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልላ ቢሮዎ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ተነስታ እንዳትበር ጡብ እንደተጫነባት ዘበኛው ነግሮኛል። ባትሪዋ እኔ ጋ ነው።

፬. ይህን ላልጽፈው ነበር፤ ንዴቱ ግን አላስቀመጠኝም። ክሱ ከመምጣቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ በጓሮዎ በድንገት የቆሙት ሦስት አዳዲስ ክፍሎች ጥላ ውስጥ እንዳይቀሩ፣ በጠዋት ፀሐይ ደግሜ እንዳነሳቸው በትሕትና ጠይቀውኝ ነበር። የምለካው መሬት እንደሌለና ሥራዬ ቀፎ መቅረጽ እንደሆነ ስነግርዎ ፊትዎ ተለወጠ። ለካ ያ ፈገግታ ምስጢር የያዘ ሰው ሳይሆን፣ ምስጢር ያልነገሩት ሰው ፈገግታ ኖሯል። ከበላይ ተልኬ የመጣሁ መስዬዎት እንደነበር ሳውቅ እውነቱን ለመናገር ኩራት ተሰምቶኛል።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ክፍሎቹን ያከራዩአቸው፣ ያምራሉ። ለኢሳያስ በር እኔም አዋጣለሁ። ድሮኔን ግን ይመልሱልኝ። አባቴ እሑድ በመጣ ቁጥር ስልኬን አየት ያደርጋሉ። አይጠይቁኝም፤ የሚያንገበግበኝም አለመጠየቃቸው ነው።

እግሬን ከምድር ሳላነሳ የማከብርዎ፣ ታዛዥ ነዋሪ፣ ግብር ከፋይና፣ በክሱ መሠረት የሰፈሩ ዋና አልሚ፣

ፈርሐት ሰላሐዲን

ማስታወሻ፦ አባቴ ይህን እንድጨምር አዘውኛል። ማንኪራን የማየቱን ሥራ ቀበሌው ከተረከበው፣ እርስዎ ራስዎ ወርደው የወዳጃቸው የወልደ ማርያም ቀፎ ንብ ገብቶበት እንደሆነ አይተው ይምጡላቸው። ሞተሬን አውስዎታለሁ፤ የመጨረሻው ቁልቁለት ግን በእግር ነው። ቀፎው ዛፍ ጫፍ ላይ ስለሆነ መውጣትም ይኖርብዎታል። እሳቸው አይቸኩሉም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተውልዎታል።