የቀበሮ ምንጭን የደበቋት የዳ ሃዱ የሕይወት ታሪክ

ዳ ሃዱ ከአባታቸው ከላሕሰን ኡባሱና ከእናታቸው ከርቂያ በ1946 እ.ኤ.አ. በአትላስ ተራራ፣ በአይት ታግላ መንደር ተወለዱ። ቁርኣን በቃላቸው ያዙ እንጂ ፊደል አልቆጠሩም። ወጣት ሳሉ አባታቸው ከከተማ ለመጡ ሰዎች የታችኛውን ጫካ በጣታቸው አሳዩ፤ በዓመቱ ጫካው ታጥሮ መንደርተኛው እንዳይገባ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ዳ ሃዱ ለእንግዳ መንገድ እንኳ በጣት አመልክተው አያውቁም፤ በአገጫቸው ነበር።

በ1971 ወይዘሮ ያምናን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በግ በማርባት ኖሩ።

በ2016 ዝናቡ ሲርቅ፣ በረዶውም ሲሳሳ፣ መንደሩ ጫካውንና ውሃውን የሚጠብቅበትን ዕቅድ ራሱ ሊያወጣ ተነሳ። ሊያግዙ የመጡ እንግዶችም ነበሩ። በአውድማው ላይ ቤቶቹ በባቄላ፣ ጫካው በጥድ ቅርንጫፍ፣ ምንጮቹ በነጭ ድንጋይ ተመሰሉ። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲነሳ ዳ ሃዱ የቀበሮ ምንጭ የምንላትን ምንጭ ድንጋይ አንስተው ደረቁ ገደል ላይ አኖሩት። እንግዶቹ ያዩትን ወደ ወረቀት ገለበጡ።

በወረቀቱ መሠረት፣ መቁረጥና ማሰማራት የማይፈቀድበት የክልክሉ ምልክት በገደሉ ዙሪያ ሲቀባ፣ ሁሉም “ጎረቤቴ ለበጎቹ ብሎ አስቀይሮት ነው” ብሎ ጠረጠረ እንጂ ማንም አልጠየቀም። ከምንጩ በላይ ያለው ጥድ ያልተከለከለ ነው ተብሎ ተቆረጠ። ውሃው ቀጠነ፤ ልጆቻችን ጀሪካን ይዘው ወረፋ ጀመሩ።

በ2021 ዳ ሃዱ በመንደሩ ሸንጎ፣ በጀመዓው ፊት ቆሙ። “ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከባዕድ ስደብቃት ለገዛ መጥረቢያችን ሰጠኋት” አሉ። ባል የሞተባት ቱዳ ከኋላ፣ “እኛ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ እርስ በርስ ስንተማማ! ዳ ሃዱ፣ መስጊዱስ በቦታው ነው?” ብትል ጀመዓው በሳቅ ፈረሰ። በዚያው ቀን ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት ተከለከለ፤ ጥበቃውንም ለእርሳቸው ሰጡ።

በአዲሱ ዕቅድ ላይ ግን እኔ ምራታቸው ፋዲማ ሳላነብላቸው አሻራቸውን ለማኖር እምቢ አሉ። ገና ማንበብ መማሬ ስለነበር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። “ቶሎ ጨረስሽ፤ የዘለልሽው መስመር አለ። አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነሽ?” አሉኝ። እንደገና አነበብኩ። ያን ጊዜ አሻራቸውን አኖሩ።

ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን ታመሙ። ሐኪሙ የሰጣቸውን መድኃኒት መጀመሪያ ሌላ ሰው እንዲቀምስላቸው ይሹ ነበር። መጋቢት 9 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወደ አኼራ ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ያምና፣ ልጆቻቸው ባሱ፣ ኢቶና ዛይድ፣ እንዲሁም ሰባት የልጅ ልጆች ቀርተዋል።

ለለቅሶ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ አላህ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። በቅሎዎቻችሁን ግን ከወንዙ ማዶ እሰሩ፤ ሁለቱ ወደ ዳገቱ ሲነዱ አይተናል፤ የማን እንደሆኑም እናውቃለን። ክልክሉ በሞት አይከፈትም።

አላህ መቃብራቸውን ያስፋላቸው፣ በጀነት ምንጭ አጠገብ ያሳርፋቸው። እርሳቸውን ከመጠርጠር ያሳርፋቸው፤ መጠርጠሩን ለእኛ ይተውልን። አሚን።