የፊት ወንበር ንባብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

እንቅልፍ አልጠገብኩም። ዛሬም ከአባዬ ጎን የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ያንን ወፍራም ልቦለድ ጮክ ብዬ ሳነብ አረፈድኩ። እሱ ሚኒባሱን ይነዳል፣ ተማሪዎቹን ከየደጃፋቸው ይለቅማል፣ እኔ አነባለሁ። “ለፈተናሽም ይሆንሻል፣ እኔም በዚያው ልማር” ብሎ ነው ያስጀመረኝ። ከኋላ ጫጫታ... የፊት ጥርሷ ወላቃዋ ልጅ ደግሞ ፀጉሬን ትጎትታለች።

በየመሀሉ ያቋርጠኛል። “የትራፊክ መብራቱ ምን ይላል?” ቀይ ነው አባዬ። “አውቃለሁ፣ አንቺን ልፈትሽ ብዬ ነው።” ቀልዱ አያልቅበትም።

መምህሯ ስለዚሁ ልቦለድ ጽሑፍ አዛናለች፣ ባለታሪኩ ልጅ መቼ አደገ? ለሐሙስ ሳምንት። መልሱን ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል፦ አባቱን ጥሎ ከቤት የወጣ ቀን። ያንኑ ጽፌ በተገላገልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አባዬ ሻዩን ከኩባያው ውጭ ቀዳው። “የዘንድሮ ኩባያ ጠባብ ነው” አለና ሳቀ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ጠረጴዛውን ወለወለች።

ደክሞኛል። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬም ጠዋት መኪናው ውስጥ ሳነብ ነበር።

የልቦለዱ ልጅ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አባቱ እንዳይሰማው ጫማውን በእጁ ይዞ የሚወጣበት ጋ ደርሼ ነበር። ልቤ እዚያ ቀረ። አባዬ ስለ መብራቱ ጠየቀኝ መሰለኝ፣ አልመለስኩለትም። ዝም ስል መንገዱ ክፍት መስሎት ነዳ።

ወላቃዋ ጮኸች። እሱ ፍሬን ያዘ። ቀና ስል ሽንኩርት የተከመረበት ጋሪ አፍንጫችን ስር! የጋሪውን ጎማ ነካ አድርገነዋል። ሽንኩርቱ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። አባዬ ወርዶ “ካየሁህ ዓይኔን ግንባር ያድርገው” እያለ ለጋሪ ገፊው ማለ።

እውነቱን ነው። አላየውም። ያን የሚያህል ጋሪ፣ ፀሐይ በወጣበት ጠዋት...

“ልፈትሽሽ” ያለኝ ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። ለካ ልቦለዱን አልነበረም የፈለገው። ዓይኔን ነው። ሆድ ባሰኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዛሬም አብሬው ሄድኩ። መጽሐፉን አልከፈትኩም፣ መንገድ መንገዱን ሳይ ዓይኔ ፈሰሰ።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ታውቅ ኖሯል! የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ ነው፣ ሥራ ከፈታ በቁሙ ይሞታል፣ አንቺ ብቻ ከጎኑ አትለዪ አለችኝ። እኔ ምንድን ነኝ? ሰው ነኝ ወይስ የመኪና መስታወት? ተናደድኩ። እሷ አለቀሰች። መናደዴንም ሳልጨርሰው ቀረ። ነገ ዞር ስል፣ ባስነጥስ፣ ባንቀላፋስ? ከኋላ ያሉት የሰው ልጆች ናቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ከሁሉም ቀድሜ ተነስቼ ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አነሳሁት።

አባዬ መጥቶ ግድግዳውን ዳበሰ። የታለ አለ። እኔ ጋ ነው አልኩ።

“አምጪ፣ ልጆቹ ይጠብቁኛል።”

“አባዬ፣ አታይም እኮ።”

እንዲህ ብዬው አላውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የማላየው ሲመሽ ብቻ ነው አለ። ጋሪው በጠዋት ነበር አልኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ...

“ለወላቃዋ እናት ደውይላት” አለ። “ልጅቷ ደጅ ላይ ብርድ እንዳይመታት።”

ለሁሉም ወላጆች ደወልኩ። ከነገ ጀምሮ አጎቴ ይነዳል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ጽሑፉን አላስረከብኩም። መምህሯ ምን ሆነሽ አለችኝ። አሞኝ ነው አልኩ። እስከ ሰኞ ሰጠችኝ።

አባዬ አኩርፎኛል። በቀልዱ ቤቱን የሚሞላው ሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ተያዘለት። ይድናል አይድንም ገና አልታወቀም።

ከሰዓት መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ፈዝዤ ተቀምጫለሁ። ግድግዳውን እየዳበሰ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ድሮ ሰው እያየው አይዳብስም ነበር።

“ልጁ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ” አለ። “ከዚያስ?”

ለካ ሳነብ ያዳምጠኝ ነበር። እንባዬ መጣ፣ ደግነቱ አያየኝም። ከዚያችው ገጽ ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ልጁ ሩቅ አገር ሄደ፣ ተማረ፣ ትልቅ ሰው ሆነ።

“አባትየውስ?”

“ከዚያ በኋላ አያነሳውም፣ አባዬ።”

“ተመልሶ ሳይጠይቀው ቀረ?”

“ቀረ።”

መጽሐፉን በእጁ ዳበሰ።

“ታዲያ ምኑን አደገ?”

ተነስቼ ሻይ ቀዳሁለት። ኩባያውን እጁ ውስጥ አስያዝኩት። ጠባብ ነው አላለኝም።