አንገቷ የተሰበረው ሚዳቋ

ማክሰኞ
የሚዳቋዋን አንገት ሰበርኩት። በኮምፒውተር ነው። ወንድሜ ይሠራበት የነበረው የጭነት ድርጅት አርማ የምትሮጥ ሚዳቋ ናት፤ ከሥሯ «በሰዓቱ እናደርሳለን» ይላል። እኔ ገደል ከተትኳትና «በሰዓቱ እንቀብራለን» ብዬ ጻፍኩ። የሠራሁት ድረ ገጽ ቁርጥ የእነሱን ይመስላል፤ ቀለሙ፣ ፊደሉ፣ ሁሉም። ወንድሜ ጀማል ይነዳው የነበረው ተሳቢ ፍሬኑ እንደማይዝ ሦስት ጊዜ ነግሯቸዋል። ጫንና ሂድ አሉት። ከጋላፊ ድንበር ወዲህ ቁልቁለቱ ላይ ከነመኪናው ተቃጠለ። ከሞተ ዛሬ ሠላሳኛ ቀኑ ነው።

ረቡዕ
ሾፌሮቹ አይተውታል። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ስልክ እየተቀባበሉ ሲስቁ ዋሉ አሉ። ደስ አለኝ፤ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ። ካርቲየ 6፣ ሰፈራችን ውስጥ ካለው አባባ ሱቅ ድረስ በፈረንሳይኛ ደብዳቤ መጣ። አርማው የተመዘገበ ነው፤ በሦስት ቀን ካልወረደ ክስ። ለአባባ ያነበብኩለት እኔው ነኝ። እንዴት አወቁኝ? አርማውን ስካን ያደረግኩት ከጀማል የሥራ መታወቂያ ላይ ነው። ጥጉ ላይ መለያ ቁጥሩን ሳልቆርጠው ቀርቻለሁ። አህያ።

ሐሙስ
ሦስት ቀን አልጠበቁም። የስምሪት ኃላፊው ኢድሪስ ሁለት ጎረምሶች ይዞ መጣ። ጀማልን ጫንና ሂድ ያለው እሱ ነው። መስታወቱን ሰበሩ፣ ዘይቱን ደፉ፣ አባባን በጥፊ መቱት። አባባን።
«ወንድምህ እንቅልፉን መቻል አቅቶት ነው የሞተው» አለኝ ኢድሪስ። «ሥዕላችንን አውርድ።»
የሁለት ኪሎውን የሚዛን ብረት አንስቼ አፉ ላይ አሳረፍኩበት። ጥርሱ ከነደሙ ስኳሩ ላይ ወደቀ። ልደግመው ስል አባባ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ ጎረምሶቹ ረገጡኝ። ጥርሱ ሲወድቅ ደስ ብሎኛል። ይህን ለማንም አልናገርም።

ዓርብ
በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ቀኙ አብጧል። ስተነፍስ ጎኔን ይወጋኛል። አባባ «አውርደው። አንድ ቀብሬያለሁ» አለ። የኮምፒውተር አስተማሪያችን ሙሴ ፋራህ ሊጠይቀኝ መጣ። ማሾፍ እንደሚቻል፣ ግን አርማቸውን ወስጄ ገጹን የእነሱ ማስመሰሌ መያዣ እንደሰጣቸው ነገረኝ።
«ደግሞ ያሳየኸን ሚዳቋ ነው» አለ። «ጀማል የታለ?»


ቅዳሜ
አወረድኳት። ከተቃጠለው መኪና የተረፈ አንድ ነገር አለን፤ የኋላ ጎማው የጭቃ መከላከያ ላስቲክ። ሾፌር ሁሉ እዚያ ላይ የራሱን ቃል ያጽፋል። ጀማል በነጭ ቀለም፣ በገዛ እጁ «እማ ደረስኩ» ብሎ ነበር። ግማሹ ቀልጧል። ፎቶ አንስቼ በሚዳቋዋ ቦታ ሰቀልኩት። ከሥሩ ስለ ፍሬኑ ለድርጅቱ የነገረባቸውን ሦስት ቀኖች ከላከልኝ የስልክ መልእክት ገልብጬ ጻፍኩ። ቀልድ የለበትም። አባባ ቆሞ አየው። አውርደው አላለኝም።
ነገ ስለ ኢድሪስ ጥርስ ፖሊስ ጣቢያ እቀርባለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። አሁን ስለተሰቀለው ሥዕል ከጠየቁኝ ግን ባለቤቱ ጀማል ነው።