ያልተቀመጥኩበትን ወንበር ለሰጠኝ ኮሚቴ

ለክቡር አቶ ቢተው ካሳዬ
የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀን መመሪያ አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጅዳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ቢሮዎ ውስጥ ያሉት ሁለት አየር ማቀዝቀዣዎች ጉንፋን እንዳያሲዙዎት፣ ባለፈው ዓርብ በፀሐይ የያዘዎት ራስ ምታትም ጨርሶ እንዲለቅዎት አላህን እለምናለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፤ ከዓርብ ወዲህ ዕቃ ሳጥብ ብቻዬን እየሳቅሁ ስላስቸገርኩ ማዳም ሀናን ጂን የያዘኝ መስሏት ቁርኣን ከፍታብኛለች።

ደብዳቤዬ ይፋ ነውና፣ ለማያውቁኝ አንባቢያን፣ ከሚሪያ እባላለሁ፤ የወሎ ልጅ ስሆን ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር በሰው ቤት እሠራለሁ። የክቡርነትዎ ኮሚቴ «የቤት ሠራተኛ በዕረፍት ቀኗ ከአሠሪዋ ቤት መውጣት ትችላለች ወይስ አትችልም» የሚለውን መመሪያ ከማጽደቁ በፊት፣ መመሪያው የሚነካቸው ሁሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንዲደራደሩበት በመወሰኑ፣ እኔም ሠራተኛ ሆኜ ተኝቼ ባለድርሻ አካል ሆኜ ተነሳሁ። ስለዚህ የላቀ ምስጋናዬን፣ በምስጋናው መሐል ሳላስበው ከገቡ ጥቂት ቅሬታዎች ጋር፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. የጥሪ ወረቀቱ አጀንዳ፣ ሠራተኛ ያለ ከፊሏ፣ ማለትም ያለ አሠሪዋ ፈቃድ መውጣት ትችል እንደሆነ መወያየት ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ ተወያይዋ በከፊሏ የተፈረመ የመውጫ ፈቃድ ካልያዘች አዳራሽ እንደማትገባ ያስጠነቅቃል። ይህን ያሰበው ጭንቅላት የማን እንደሆነ ባውቅ ግንባሩን እስም ነበር። ምክንያቱም ከፊሌ፣ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ እንኳ በመስኮት የሚከታተሉኝ ሰውዬ፣ ማኅተሙን ሲያዩ ደንግጠው ሳይጠይቁ ፈረሙ፤ ማዳም ሀናንም «ኸላስ፣ ኮሚቴ ከሆነማ ያላ ሂጂ» ብላ የራሷን ሽቶ ረጨችብኝ።

2ኛ. የወንበሩ ድልድል እስካሁን ያስገርመኛል። ለኤጀንሲዎች አምስት፣ ለአሠሪዎች አራት፣ ለቲኬት ቢሮዎች ሁለት፣ ሻንጣ ለሚሸጡት ሰውዬ ሳይቀር አንድ ከተሰጠ በኋላ፣ የተረፈውን አንድ ወንበር እኔና የጎረቤት ሠራተኛዋ ዳግማዊት በፈረቃ እንድንቀመጥበት መደረጉ፣ ቆሞ መዋል ለለመደ እግር ታስቦ ነው ብዬ ተረድቼዋለሁ። የእኛ መውጣትና አለመውጣት ሻንጣ ሻጩን ምን ያህል እንደሚነካቸው ግን ቢብራራልን ደስ ይለናል።

3ኛ. ሁላችንም ጅዳ እየኖርን የዓርቡ ስብሰባ መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር ተጠራ። ሐጅ ስላልደረሰ አዳራሹ ባዶ ነው ተብሏል፤ መልካም። ዳግማዊት ግን ክርስቲያን ናት። ሙስሊም ያልሆነ ሰው መካ እንደማይገባ ጅዳ አንድ ሌሊት ያደረ ሁሉ ያውቃል፤ ኮሚቴው ግን ከነማተቧ ዓዚዚያ ጠራት። ሹፌራችን አዲል፣ መካ ሳይደረስ መንገድ ላይ ባለችው በባሕራ ከተማ አወረዳትና፣ ስመለስ እወስድሻለሁ ብሏት እኔን ይዞ ቀጠለ። እዚያ አንድ ጎሚስታ ቤት ጥላ ሥር፣ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከረባቱን እንዳሰረ ማንን ብታገኝ ጥሩ ነው? ክቡርነትዎን! ለካስ እርስዎም የደብረ ማርቆስ ክርስቲያን ነዎት፤ ጥሪው ላይ ሲፈርሙ ትዝ አላለዎትም።

ዳግማዊት እንደነገረችኝ የማንጎ ጭማቂ ጋብዘዋታል፤ ለዚህ ያለ አንዳች ሽሙጥ አመሰግናለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢና መመሪያው የሚነካት ሴት ፊት ለፊት የተነጋገሩበት ብቸኛው ድርድርም ይኸው የጎሚስታ ቤቱ ነው። በዚሁ ድርድር ላይ ክቡርነትዎ ላብዎን እየጠረጉ፣ ሰው በገዛ የዕረፍት ቀኑ እዚህ ግባ እዚያ አትግባ እየተባለ እንዴት ይኖራል ብለው እንዳማረሩ ምላ ትመሰክራለች። ይህ ቃልዎ አንዲት ፊደል ሳይጎድልበት የመመሪያው አንቀጽ አንድ እንዲሆን በትሕትና እጠይቃለሁ።

4ኛ. የእኔ ወንበር ለምን ባዶ እንደዋለ ማስረዳት ይገባኛል። መዲና የምትባለው ታናሽ እህቴ እዚያው መካ፣ ዓዚዚያ ውስጥ፣ ከአዳራሹ ጥቂት አለፍ ብሎ ባለ ቤት ትሠራለች። በአንድ አውሮፕላን መጥተን፣ ኤርፖርት ላይ እሷን አንዱ ከፊል፣ እኔን ሌላው ከወሰደን ወዲህ ዓይኗን አይቼው አላውቅም፤ መንገዱ ግን በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። አሁን ኮንትራቷ አልቆ አገር ቤት ልትገባ ነው፤ እኔ ገና ነኝ። አዳራሹ በር ድረስ መሄዴን ልብ ይበሉልኝ። «የሠራተኞች ተወካይ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ወንበሬን በመስታወቱ አየሁት፣ ምንጣፉንም አደነቅሁና ዞሬ ሮጥኩ። ክቡር ሆይ፣ ዓባያ ሰብስቦ መሮጥ እንዴት ደስ ይላል!

መዲና እጇ በሳሙና እንደተዘፈቀ በር ከፍታ፣ «ወላሂ አንቺ አይደለሽም» ብላ መልሳ ዘጋችው። እንደገና ከፈተች። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሕንፃው ዘበኛ ያስረዳል፤ ጩኸታችንን ሰምቶ እሳት የተነሳ መስሎት ባልዲ ይዞ መጥቷል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን፣ ሳቅን፣ ደግሞ አለቀስን። ወፍራለች። ጉንጯን ብነካው ብነካው አልጠግብ አልኩ። ምን ብለሽ ወጣሽ አለችኝ፤ ኮሚቴ ላይ ነኝ አልኳት። ስለ ምንድን ነው የምትደራደሩት አለችኝ። አንቺ ጋ መምጣት እችል እንደሆነ ነው ስላት ከደረጃው ልትንከባለል ነበር።

5ኛ. ማታውኑ ቃለ ጉባኤው በስልካችን ደረሰን። እንደ ቃለ ጉባኤው ከሆነ ክቡርነትዎ ዓዚዚያ አዳራሽ ተገኝተው የመክፈቻ ንግግር አድርገዋል፤ ዳግማዊት መካ ገብታ ገንቢ አስተያየት ሰጥታለች፤ እኔ ደግሞ ሠራተኛ የዕረፍት ቀኗን እዚያው አሠሪዋ ቤት ውስጥ ብታሳልፈው እንደሚሻል በጭብጨባ አረጋግጫለሁ። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። በስሜ እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ ማን አይናደድም? ኋላ ሳስበው ግን ከዚህ የበለጠ ውለታ ማንም አልዋለልኝም፤ ማዳም የት ዋልሽ ብትለኝ አዳራሽ ውስጥ እንደነበርኩ የሚመሰክርልኝ የኮሚቴው ማኅተም አለ። ደብዳቤዬ ይፋ መሆኑም አያሳስበኝም። ከፊሌ አማርኛ አያነቡም። የሚያነቡት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ደግሞ ራስዎ ካልነበሩበት ስብሰባ ቀረሽ ብለው አይከሱኝም።

ኮሚቴዎን ያሰንብትልን፣ ወንበሮቹንም ያብዛልን እያልኩ፣ ከዝቅታዬ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ሳትገባ የተገኘችው፣ ሳትናገርም በሙሉ ድምፅ የተስማማችው
አክባሪዎ ከሚሪያ
ጃሚዓ፣ ጅዳ

ማስታወሻ፦ ይህን መመሪያ እባክዎ አይጨርሱት። መመሪያው ከወጣ ቤት ውስጥ እንቀራለን፤ ድርድሩ ከቀጠለ ግን በየዓርቡ እንወጣለን። የሰፈራችን ሴቶች በሙሉ ለመወያየት ጓጉተዋል፤ ሁሉም የሆነ ቦታ ያላዩት ሰው አላቸው። የእኔ ልመና አንድ ብቻ ነው፦ ቀጣዩ ስብሰባ ዓርብን ሳይጠብቅ እሑድ ከሰዓት ይጠራልኝ፤ ቦታውም ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ይሁን። እህቴ መዲና የምትሄደው ያን ቀን ነው።