ኩሬውን አጥሬዋለሁ

ጥቅምት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቡሬ ዙሪያ

ለሕሊና እናት፣ ለባለቤቴ ለየሻሽወርቅ

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችንስ? እህትሽ አቻምየለሽስ? እኔ ወገቤን ትንሽ ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ምክንያቱን ስነግርሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ሳቂ፣ ይገባሻል። ስልክ ስደውል ስለማታነሺ በወረቀት መጣሁብሽ።

መስከረም ላይ ሕሊናን አዝለሽ መራዊ እህትሽ ቤት ልትሄጂ የወጣሽ ለት የተናገርኩትን አልረሳሁም። ልጅቷን ኩሬው ዳር ተቀምጣ ውሃውን በእግሯ ስታንቦጫርቅ አገኘሻት። "ወይ አጥረው፣ ወይ ድፈነው" አልሽኝ። እኔ ደግሞ "የሽንኩርት ማጠጫ ውሃ እኮ ነው፤ ዓባይ መሰለሽ?" ብዬ ሳቅሁ። አንቺም "እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ" ብለሽኝ መንገድሽን ቀጠልሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ከማሳ ስመለስ ጥቁሯ በግሽ ኩሬው ውስጥ ገብታ ትንደፋደፋለች። ከነልብሴ ዘለልኩ። ውሃው ደረቴ ድረስ ነው፤ ምን ያስፈራል? አቅፌ ወደ ዳር ገፋኋት። እሷም ትከሻዬን ረግጣ፣ ጭንቅላቴን ረግጣ ወጣች። እኔ ቀረሁ።

ከሥር ያነጠፍነው ፕላስቲክ፣ የሻሽዬ፣ እንደ ተልባ ያሟልጫል። ሁለት እርምጃ ወጥቼ ሦስት እመለሳለሁ። በጥፍሬ ብቧጥጥ የምይዘው የለም። እግሬ ደነዘዘ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ውሃው አገጬ ደረሰ። በጓ ዳር ቆማ ታየኛለች። በመጨረሻ ጎረቤታችን ባንተአምላክ ጩኸቴን ሰምቶ መጣና በመጫኛ ጎትቶ አወጣኝ። ወገቤም የተጎዳው ያኔ ነው።

ትንፋሼ ሲመለስ "የሻሽወርቅ ያለችው መራዊ አይደል እንዴ? ምን ብለህ ነው ስሟን የምትጠራው?" አለኝ።

"ብርዱ ነው ያስለፈለፈኝ" አልኩት።

በማግስቱ የግብርና ባለሙያዋ እስከዳር ዘንድ ሄድኩ። ኩሬው ሲቆፈር ስለ አጥር ነግራን ነበር፤ እኔ ያን ለት ጆሮ አልነበረኝም። "ሁሉንም እንደገና ንገሪኝ" አልኳት።

"ምነው አያ ትዕዛዙ፣ ማን ገባብዎት?"

"እኔው ራሴ።"

ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ግን ተነስታ አብራኝ መጣች።

አጥሩ ኩሬውን ዙሪያውን ይዞ ከሰው ደረት በላይ ቆሟል። ባሕር ዛፉን ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ ልጅ እንደ መሰላል እንዳትረግጠው አግዳሚውን በውስጥ በኩል መታሁት። በእንጨቶቹ መሐል የሕሊና ጭንቅላት አይገባም። ተረግጦ እንዳይወጣበት አጠገቡ የነበረውን የድንጋይ ክምር አንስቻለሁ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ድንጋይ በገመድ አንጠልጥዬበታለሁና ሲለቁት ራሱ ይዘጋል። የወደቀ ሰው ይዞት እንዲወጣም ቋጠሮ የበዛበት ገመድ ከግንድ አስሬ ውሃው ውስጥ ጥያለሁ። እስከዳር ግን "አጥር ዓይንን አይተካም፤ ልጅ ባለችበት ጠባቂ አይለያት" ብላኛለች።

የቀረው መቀርቀሪያው ነበር። ሕሊና በርጩማ ላይ ብትቆም እንኳ የማትደርስበት መሆን አለበት። እኔ በምደርስበት ልክ ልመታው መዶሻ ካነሳሁ በኋላ ተውኩትና የባንተአምላክን ሚስት ያምሮትን ጠራኋት፤ ቁመታችሁ አንድ ነው። "እስቲ እጅሽን ዘርጊልኝ" አልኳት። ጣቷ በደረሰበት ላይ ምስማሩን መታሁ።

ባንተአምላክ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና "የምትከፍተው አንተ፤ ታዲያ ምነው ዝቅ አደረግኸው?" አለኝ።

እኔ መዶሻዬን አንስቼ ምስማሩን አጠበቅሁት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የእህል ነጋዴው ወንዳወቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ መኪናውን ይዞ ወደ ቡሬ ይመለሳል፤ እንድታውቂው ያህል ነው።

እመቤታችን በጥላዋ ትጋርዳችሁ። እግዚአብሔር ለአንቺ ጤና፣ ለሕሊና ዕድገት ይስጥልኝ፤ ለአቻምየለሽም ስለ እንግድነታችሁ ብድሯን ይክፈልልኝ።

ባለቤትሽ ትዕዛዙ