ስለ መኪናው ቁልፍና ስለ አሸዋው ደሴት

ይድረስ ለምወድሽ የበኩር ልጄ፤

እንደ ምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ እንደ ምን ነው፣ ያ ወገቡ ተሻለው? ትልቁ ልጅሽ በትምህርቱ፣ ትንሿ በጥርሷ እንዴት ሆኑ? አንቺንስ ራስ ምታቱ ተወሽ ወይስ አሁንም ለሰው ስትሯሯጪ የራስሽን መድኃኒት ትረሻለሽ? እኔ አባትሽ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከወንድምሽ ጋር እጨቃጨቃለሁ፤ ጤና ማለት ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ወንድምሽ ልጻፍልህ ቢለኝ የራሴን ነገር ራሴ አውቃለሁ አልኩት። ፊደሉ ተልቆ አንዱ ቃል መስመር ሙሉ ቢይዝብሽ ዝም ብለሽ አንብቢ፣ ወረቀት ሞልቷል። ባለፈው በስልክ "አባዬ በቃህ፣ የመኪናውን ቁልፍ ለወንድሜ ስጠው" ብለሽ ማልቀስ ስትጀምሪ ስልኩን ዘጋሁብሽ። ተቆጥቼ አይደለም። ስታለቅሺ እሺ እንደምል ስለማውቅ ነው። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ ዶሮ እንኳ ሳይገጭ ጡረታ የወጣ ሰው ቁልፉን በእንባ አይሰጥም። መልሴን በጽሑፍ እሰጥሻለሁ፤ ግን አስቀድሜ የደሴቱን ነገር ልንገርሽ፣ አለዚያ መልሱ አይገባሽም።

የጡረተኞች ማኅበራችን ሦስት መኪና ሞልቶ፣ ድንኳን ጭኖ፣ በትልቅ ጀልባ ወደ አንድ ደሴት ተሻገረ። ደሴት ሲሉኝ ዛፍና ጥላ መስሎኝ ነበር። አሸዋ ነው ልጄ፤ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ። መንገድ የሚባል የለም። ባሕሩ ሲጎድል ዳርቻው መንገድ ይሆናል፣ ሲሞላ ደግሞ መንገዱን ይዞት ይሄዳል። አርባ ዓመት ስነዳ የተበላሸ መንገድ አይቻለሁ እንጂ እንደ ሠራተኛ በሰዓት የሚገባና የሚወጣ መንገድ አይቼ አላውቅም።

ከጀልባው እንደወረድን አስጎብኚዋ አስቆመችን። የአንቺ ታናሽ የምትሆን ልጅ ናት። "ሁላችሁም የጎማችሁን ንፋስ በግማሽ አስተንፍሱ፤ የለሰለሰ ጎማ አሸዋውን ይረግጠዋል፣ የተወጠረ ይቆፍረዋል" አለች። የሁለቱ መኪና ሰዎች እሺ ብለው ተንበረከኩ። እኔ ግን ዕድሜዬን ጎማ ስነፋ ኖሬ ደህና ጎማ በገዛ እጄ አላስተነፍስም አልኩ። "አባባ፣ አሸዋው ዕድሜ አይጠይቅም" አለችኝ። መዶሻ የምንለው፣ ያ የጭነት መኪናዬን ሲጠግን የኖረው የጋራዥ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ "ተዪው፣ ይህ ሰው ሚስቱ እንኳ ያላስተነፈሰችው ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እሷም ቻል አድርጋ፣ እንጨት ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ ስናይ ወደ ላይ እንድንታጠፍ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አሸዋ እንደሚውጥ ነግራን ፊት ፊት ሄደች።

እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። መዶሻ አጠገቤ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ሁለቱ መኪኖች ወደ ላይ ሲታጠፉ ሽንት ቤት ፍለጋ መሰለኝ። እኔ የሚያብለጨልጨውን ለጥ ያለ ዳርቻ ይዤ ቀጥ አልኩ። ወዲያው መኪናዬ እንቁላል እንደምታቅፍ ዶሮ ቁጭ አለች። ነዳጅ ስሰጣት የበለጠ ተመቻቸች። መዶሻ ነቅቶ "ደረስን?" አለኝ። "ደርሰናል" አልኩት።

ባሕሩ መሙላት ጀምሯል። አይሮጥም፤ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ዝግ ብሎ ነው የሚመጣው። አስጎብኚዋ አካፋ ይዛ ደረሰች፣ የቀሩትም ተከትለው መጡና ይቆፍሩ ጀመር። እሷ ሳትናገረኝ የፊቶቹን ጎማዎች ታስተነፍሳለች። ምነው በተቆጣችኝ አልኩ። ውሃው ጫማዬን ሲያርሰው ተንበርክኬ የኋላዎቹን በክብሪት እንጨት ራሴ አስተነፈስኩ። ንፋሱ ፉፉ ሲል የራሴ ነፍስ የምትወጣ መሰለኝ። ከዚያ መሪውን ያዝኩ። እሷ ከፊት ቆማ እጇን እያወዛወዘች ትመራኛለች፤ መዶሻ ደግሞ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ አልኩህ አንተ ሰው" እያለ ይጮሃል። በእሱ ጩኸት ወጣሁ።

"አባባ፣ ቀዩን ጨርቅ አላዩትም?" አለችኝ። "አይቼዋለሁ፣ ንቄው ነው እንጂ" አልኳት። ሁሉም ሳቀ። መዶሻ "መቃብሩ ላይ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለን እናጽፍበታለን" አለ። ማታ እሱና እኔ የተከልናት ድንኳን በሯ ወደ አሸዋ ቁልል ዞሮ እንደ ከርከሮ እየተሳብን ስንገባም ያው የእኔ ግትርነት ነው ተባለ።

አሁን እውነቱን ላንቺ። ጨርቁን አላየሁትም። እንጨቱንም አላየሁ። ግትር ሲሉኝ እናትሽ ያወጣችልኝ ስም ነውና አይከብደኝም። አያይም ከሚሉኝ ግን ግትር ይበሉኝ ብዬ ዋሸሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠዋት ጠዋት የወንድምሽን ሴት ልጅ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። እዚያ መንገድ ላይ ቀይ ነገር ስንት አለ።

በነጋታው ከእኛ ጋር የነበረችውን ጡረተኛ ነርስ ጉልበቴን አሞኛልና መኪናዬን ንጂልኝ አልኳት። "የቱን ጉልበትህን?" አለችኝ። ቀኙን አሳየኋትና በግራው አነከስኩ። ቁልፉን ተቀብላ ነዳች። ጀልባው ላይ ስንደርስ ቀስ ብላ "ማክሰኞ የዓይን ሐኪም ዘንድ እወስድሃለሁ፣ ለጉልበትህ" አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት እንዲህ አጭር መሆኑን ረስቼው ኖሯል።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው፤ ቁልፉን ትናንት ለወንድምሽ ሰጥቼዋለሁ። ለእሱም የነገርኩት ጉልበቴን ነው። ሐኪሙ የሚለውን ሰምቼ ዓይኔ ከዳነ እቀበለዋለሁ፣ ካልዳነም እዚያው ይቅር። እሱ ደውሎ ሲነግርሽ እንደ አዲስ ስሚው። "አላልኩህም?" እንዳትዪው፣ ደስ እንዳለሽም አታሳዪ። "አይ አባዬ፣ ጉልበቱ" ብለሽ ትንሽ እዘኚልኝ።

ባለቤትሽን ወገቡን እንዲጠነቀቅ ንገሪልኝ፣ እጅ ነስቻለሁ። ትልቁን ልጅሽን አያትህ ባሕር ውስጥ መኪና ነዳ በዪው፣ ከፈለገ ይኩራራበት። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አማትሽን በአክብሮት ሰላም በዪልኝ፤ ለእሷም ቢሆን ጉልበቴን ነው።

አባትሽ
ከቤቴ፣ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ
እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን ተጻፈ።