ብልቃጡ ላይ የጻፍኩት ስም

ወላይታ ሶዶ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም

ለምወድሽ ልጄ ለብሩክታይት፤

ባለሽበት ቡዳፔስት የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እኔም አባትሽም በአካል ደህና ነን። በመንፈስ ግን ልዋሽሽ አልችልም፤ ፈርቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ናኦል የተከራያችን የሔርሜላ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ነገ ለስብሰባ ወደዚያ ይበራል። ደብዳቤውን አንብበሽ ሳትጨርሺ የያዘልሽን ትንሽ ሣጥን እንዳትከፍቺ።

ስልክ መደወል ይቀል ነበር። እሑድ ደውዬልሽ የለ? ልነግርሽ ነበር። «እማ» ስትይኝ ስለ ሶዶ ዝናብ አወራሁሽ። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ያስተማርኩ ሰው ለገዛ ልጄ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃተኝ።

የምትማሪበት ክፍል ውስጥ ሁለቴ ራስሽን ስተሽ ወደቅሽ ከተባለ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ከዚያ ልብሽን ያውካል ብለው የጠረጠሩት የዘረመል ለውጥ በምርመራሽ ተገኘ። ሐኪሞቹ ይጎዳሽ እንደሆነ መለየት አቅቷቸው የእናትና የአባት ምራቅ ሲጠይቁ፣ በላክሽው ብልቃጥ እኔና አባትሽ ሞልተን ላክን። እናት ሲባል እኔ አፌን ከፈትኩ። ሌላ ምን ላድርግ? ሃያ አራት ዓመት ሙሉ «የብሩክታይት እናት» በተባለ ቁጥር ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ውጤቱን ስትልኪልን፣ ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ መምህርቷ ሔርሜላ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። የእንዲህ ያለውን ለውጥ ክፋት የሚመዝን ፕሮግራም አለ። ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበትን መስመር ስታስገባ ቢጫ ወጣ፤ አይታወቅም ማለት ነው። «እናትም አባትም ላይ የለም» የሚለውን ስትጫነው ግን ቀይ ሆነ። ከወላጆች ካልመጣ በልጅቷ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው፣ አዲስ ከሆነ ደግሞ ጎጂ የመሆኑ ነገር ያይላል አለችኝ። ደረትሽ ውስጥ ልብሽን የሚጠብቅ መሣሪያ ሊቀብሩልሽ የቆረጡት በዚህ ምክንያት መሆኑ ያኔ ገባኝ። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፣ ብሩኬ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሦስት ልጆች ቀብሬ ነበር። ያኔ የማስተምረው ዱቦ ገጠር ነው። አክስትሽ ይመኙሻል አንቺን በወለደች በሦስተኛው ቀን አምጥታ ክንዴ ላይ አስተኛችሽ። እኔ እንደ አራስ ተኛሁ። ራሴን ቅቤ ቀቡኝ፣ ገንፎ አበሉኝ፤ ጎረቤቱ እያወቀ «እንኳን ጌታ ረዳሽ» አለኝ። እሷ ጠያቂ መስላ እየመጣች፣ በር ዘግተን ታጠባሽ ነበር። ባሏ ዱባለና አባትሽ ጌታሁን ነገሩን በመሐላ ዘጉት፤ ይህን ያነሳ ከቤተሰቡ ይውጣ ተባለ። ሶዶ ከገባን በኋላማ የሚያውቅም አልነበረም።

ሐሙስ ዱቦ ሄጄ ይህን ሁሉ ለይመኙሻል ነገርኳት።

«እኔ ምያለሁ» አለች። «አሁን ልጄ ናት ካልኩኝ፣ ልጅሽን ወሰድኩኝ ማለት አይደል?»

እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር። መሐላውን ያፈረስኩት እኔ ልሁን አልኳት። በማግስቱ ከዱባለ ጋር መጡ። ሔርሜላ ከላብራቶሪ ባመጣችው ብልቃጥ እሱ ወዲያው ሞላ፤ የእሷ አፍ ግን በፍርሃት ደርቆ ጠብታ እንኳ እምቢ አለ። ሎሚ ቆርጬ አስሸተትኳት። እያለቀሰች ሞላችው።

ይመኙሻል ስልሳ ሊሞላት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ ትውላለች፣ ወድቃ አታውቅም። ዱባለም እንደምታውቂው ጠንካራ ነው። ለውጡ ከነዚህ ሁለት ጤነኞች በአንዳቸው ላይ ከተገኘ ቀዩ ወደ ቢጫ ይመለሳል ትላለች ሔርሜላ። አረንጓዴ ይሆናል፣ ጉዳት የለውም ብላ ግን ቃል አልገባችልኝም። ባይገኝ ላንቺ እፈራለሁ። ቢገኝ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆንሽ በማኅተም ተጽፎ ይመጣል። ቢሆንም እንዲገኝ እየጸለይኩ ነው።

ሕክምናውን ተዪ አልልሽም። መሣሪያው ለሚቀበርበት ቀጠሮሽ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ ይህን ለሐኪምሽ አሁኑኑ ንገሪው፣ እሱ ይወስን። አባትሽ «አባቷ አይደለህም የሚለኝ ፕሮግራም ካለ ያምጡልኝ» ብሎ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ተቆጥቶ አይደለም፤ ስልክሽን እየጠበቀ ነው።

የሠራሽ አምላክ የልብሽን ምት ይጠብቅ። ካገርሽ ልጆች ጋር ሁኚ፣ ብቻሽን አትደሪ።

አሁን ሣጥኑን ክፈቺው፤ የሁለቱ ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ ላይ «እናት» በሚለው ትይዩ የይመኙሻልን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው አሳምሬ ነው የጻፍኩት። በደብዳቤዬ ግርጌ ሁልጊዜ ከስሜ በፊት የማስቀምጣትን ቃል ግን ዛሬ ክፍት ትቻታለሁ። ከፈለግሽ አንቺ ሙያት።

………………… አሳየሽ